ወረፋ ላይ የቀረች ጥያቄ

የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። እዚያው ተወልዶ እዚያው ያደገ ልጅ ነው። «ጋሼ» ይለኝና ወዲያው «አንተ» ብሎ ይቀጥላል። አማርኛን በስልክ የተማረ ልጅ አንቱታ እንዲያውቅ መጠበቅ ግፍ ስለሚሆን ተቆጥቼው አላውቅም። ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ አንተ መምህር ነበርክ አይደል?»

«ነበርኩ።»

«እንግዲያው ሰው ማወያየት ትችላለህ ማለት ነው።»

ማስተማርና ማወያየት ለየቅል ናቸው፣ እንዲያውም ብዙ መምህር ማወያየት የማይችለው መምህር ስለሆነ ነው ልለው ስል ቀደመኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። እሱና ጓደኞቹ የጠረጴዛ ጨዋታ አፍቃሪዎች ናቸው። የኛ ሰፈር ልጆች «ቦርድ ጌም» የሚሉት መሆኑ ነው። ገሚሶቹ ሜሪላንድ፣ ገሚሶቹ አዲስ አበባ፣ ጥቂቶቹ ጀርመን ሆነው በኢንተርኔት እየተገናኙ ይጫወታሉ። ሁሉም የሚወዱት አንድ ጨዋታ አለ። የዚህ ጨዋታ ደራሲዎች፣ አንድ ጀርመናዊና አንዲት ካናዳዊት፣ ከተጫዋቾቻቸው ጋር ለአንድ ሰዓት ተኩል በቀጥታ፣ በጽሑፍ ሊወያዩ ፈቅደዋል። አወያይ ያስፈልጋል። የአዲስ አበባዎቹ አንዳንዶቹ በአማርኛ መጠየቅ ይቀናቸዋል፤ ያንን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ፣ ጥያቄ የሚመርጥ፣ ሰዓት የሚጠብቅ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ቢገኝ ደግሞ ማንም አይሳደብም።

«ዕድሜው የገፋ» የምትለዋን ዋጥ አድርጌ እሺ አልኩ። ዛሬ የምጽፈው እሺ በማለቴ ስላገኘሁት ትምህርትና እሺ ብዬ ስላጎደልኩት ነገር ነው። የጨዋታውንም ሆነ የደራሲዎቹን ስም አልጠራም። ጥፋቱ የኔ ስለሆነ እነሱ የሚነሱበት ምክንያት የለም።

*

ሳጥኑ ከአንድ መንገደኛ ጋር ተላከልኝ። ከባድ ነው። ውስጡ በእንጨት የተሠሩ ጠጠሮች፣ ጎድጓዳ ገበታ፣ አንድ መቶ ያህል ካርታና ሃያ አራት ገጽ የሕግ መጽሐፍ አለ። ክዳኑ ላይ ከጨዋታው ስም በላይ የሁለቱ ሰዎች ስም እንደ ልቦለድ ደራሲ ስም ተጽፏል። ጀርመኖች ጨዋታ የሚፈጥረውን ሰው «የጨዋታ ደራሲ» ነው የሚሉት፤ ቃሉን የወሰድኩት ከነሱ ነው። በሕግ መጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ላይ ምስጋና አለ። ጨዋታውን ቀድመው የሞከሩትን ሰዎች፣ ወላጆቻቸውን፣ ሠዓሊዋን ያመሰግናሉ። ድመታቸውም አልቀረች፤ በስሟ ተጠርታለች።

ሕጉን ሁለት ጊዜ አንብቤ ከባለቤቴ ጋር ለመጫወት ተቀመጥን። እሷ አላነበበችም። አሸነፈችኝ። ደገምን፤ ደገመችኝ።

«እንዴት አወቅሽው?» አልኳት።

«ይሄማ ገበጣ አይደል እንዴ! ካርታ ጨምረውበት።»

እውነቷን ነው። ከአንዱ ጉድጓድ ጠጠር አንስቶ፣ ወደፊት አንድ አንድ እያንጠባጠቡ መሄድና መጨረሻ ያረፉበት ቦታ የሚያመጣውን መቀበል የገበጣ ነፍስ ነው። እንደ ሐያሲ ልናገር ካልኩ ደራሲዎቹ ያከሉት ቀላል አይደለም። ጉድጓዶቹን የቅፍለት ነጋዴ ማረፊያዎች አድርገዋቸዋል፤ ጠጠር መጣል ሸክም ማራገፍ ሆኗል፤ መብላት የነበረው መሸመት ሆኗል። ዘር የሚዘራ የሚመስለውን ጨዋታ መንገድ እንዲሄድ አድርገውታል፤ ይህ የፈጠራ ሥራ ነው። ያጎደሉትም አለ። ገበጣ ውስጥ ዕድል የሚባል ነገር የለም። ሁሉ ነገር ገበታው ላይ ተዘርግቷል፤ የተሸነፈ ሰው ጠጠር መቁጠር ስላልቻለ እንጂ ካርታው ስላልመጣለት አይደለም። የገበጣ ጭካኔም ውበትም ይኸው ነው። ተደብቀው የሚያዙት ካርታዎች ያንን አለስልሰውታል። ለተሸናፊ ማመካኛ የሚሰጥ ጨዋታ ብዙ ይሸጣል፤ ግን ትንሽ ይቀንሳል። ይህን ጥያቄ አድርጌ ጽፌ ያዝኩ። አወያይ እንጂ ጠያቂ አለመሆኔን አልዘነጋሁም፤ ለክፉ ቀን ይሁን ብዬ ነው።

*

ቅዳሜ፣ በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በሜሪላንድ ከቀኑ 8 ሰዓት። መብራት ቢጠፋ ብዬ ስልኬን ሞልቼ፣ ኮምፒዩተሬን ከፍቼ፣ ባለቤቴን ከጎኔ አስቀምጬ ጀመርኩ።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ተሳታፊው ጥያቄውን ይጽፋል። ጥያቄው በቀጥታ ለሁሉም አይታይም፤ መጀመሪያ የሚደርሰው ለአወያዩ ነው። አወያዩ ካሳለፈው አደባባይ ይወጣል፤ «ቆይ» ካለው ወረፋ ላይ ይቆያል። ተጠያቂዎቹ የሚያዩት ያለፈውን ብቻ ነው። መልስ ሲጽፉ ሦስት ነጥቦች ብልጭ ድርግም ይላሉ። ስድሳ የሚሆን ሰው እነዚያን ነጥቦች አፍጥጦ ይመለከታል። እኔም በሥራ ዘመኔ ይህን ያህል በጉጉት የተጠበቀ ዓረፍተ ነገር አላየሁም።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ወረራ ነበሩ። «ወረራ» ያልኩት ለማጋነን አይደለም። በጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ መክፈቻው ወረራ ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እጅ በእጅ ላይ እየተሻሙ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሠራዊታቸውን እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። የመጀመሪያው መብላት ሲሆን ተራ ይጀመራል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን እዚህ የነበረው የእንግሊዝ ቆንሲል ዋልተር ፕላውደን ከሞተ በኋላ በ1868 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በታተመው ማስታወሻው ላይ ጨዋታውን ገልጾታል። ተመልካችም ዝም አይልም፤ ይመክራል፣ ይጮኻል፣ «ያንን አንሳ!» ይላል። የቀጥታ ውይይትም እንዲሁ ነው። ሁሉም አንድ ላይ ይጽፋል። አንዱ ጥያቄ ሳይመለስ ሦስት ይከተላል። አንዱ የሌላውን ጥያቄ ይመልሳል። ደራሲው ለመጀመሪያው የጻፈው መልስ ከአራተኛው ጥያቄ ሥር ያርፍና ቀልድ ይሆናል። አወያይ የሚያስፈልገው ያኔ ነው፤ ወረራውን ተራ ሊያደርገው።

ተራ ከያዝን በኋላ ጥያቄዎቹን ማየት ጀመርኩ። የድሮ ሙያዬ ነውና ወዲያው በየፈርጁ ከፈልኳቸው። አንደኛው ፈርጅ ምስጋና ሆኖ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት የተደረገበት ነው፤ «እንዲህ ያለ ድንቅ ሥራ ለመሥራት ምን አነሳሳችሁ?»። ሁለተኛው የዳኝነት ጥያቄ ነው፤ «ጠጠሬ ባዶ ማረፊያ ላይ ቢያልቅ መሸመት እችላለሁ? ወንድሜ አትችልም ይላል።» ሦስተኛው «ቀጣዩ መቼ ይወጣል?» ነው። አራተኛው ጥቂት ነው፤ እውነተኛ ጥያቄ ነው። አንድ የአዲስ አበባ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ «አንድ ጨዋታ ማለቁን በምን ታውቃላችሁ?» አለ። ነጥቦቹ ረጅም ጊዜ ብልጭ ድርግም አሉ። ካናዳዊቷ እንዳለቁ ያመኑባቸውን ሁለት ቅጂዎች ሙሉ በሙሉ መጣላቸውን፣ አሁን የወጣው ሦስተኛው መሆኑን፣ ያለቀው ማከል ስላቃታቸው ሳይሆን መቀነስ ስላቃታቸው መሆኑን ጻፈች። ይህን መልስ ክፍል ውስጥ ለግጥም ተማሪዎቼ ብናገረው ኖሮ ስንት ግጥም በዳነ!

የመጀመሪያው ፈርጅ ግን በዝቶ ፈሰሰ። የት ነው የማውቀው ብዬ ሳስብ ትዝ አለኝ፤ ከመጽሐፍ ምርቃቶቻችን። እኛ ሀገር መጽሐፍ ሲመረቅ ተወያይ ይጋበዛል። ተወያዩ ደራሲውን ያውቀዋል፣ ሚስቱን ያውቃታል፣ አበልጅ ይሆናል። ታዲያ ምን ይበል? «ግሩም ነው» ይላል። መድረክ መሪው «ጊዜ ስለሌለን ሁለት አስተያየት ብቻ» ይላል። ሁለተኛው አስተያየት ሰጪ ሂስ ሊሰነዝር ሲል ማይኩ ይወሰዳል። እኔ ይህን ልማድ በጽሑፍም በቃልም ስነቅፍ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ሁለተኛው ፈርጅ ደግሞ ሌላ ነገር አስታወሰኝ። ለዓመታት ካስተማርኳቸው ጽሑፎች አንዱ ፈረንሳዊው ሮላን ባርት በ1967 ያወጣው «የደራሲው ሞት» የተሰኘው አጭር መጣጥፍ ነበር። ሐሳቡን ባጭሩ ለማለት፣ ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ደራሲው ምን ለማለት እንደፈለገ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ትርጉም የሚወለደው አንባቢው ዘንድ ነው። ተማሪዎቼ ይወዱት ነበር፤ ደራሲውን ሳያነቡ ለመናገር ፈቃድ የሰጣቸው ስለሚመስላቸው። እዚህ ግን ሥራው ያለ ተጫዋች ባዶ ሳጥን የሆነ፣ ከልቦለድ ሁሉ በላይ «አንባቢው» የሚፈጽመው ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ተጫዋቾቹ የሞተውን ደራሲ ከመቃብር ጠርተው ዳኛ ያደርጉታል። «ወንድሜ አትችልም ይላል፤ አንተ ፍረድ።» ለምን? አጥብቄ ሳስበው፣ ልቦለድ ላይ ሁለት ሰዎች ባይስማሙ ሁለቱም መጽሐፋቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ጨዋታ ላይ ካልተስማሙ ጨዋታው ይቆማል። ስለዚህ ደራሲው ያስፈልጋል። እነዚያ የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ደራሲ ጌሪ ጋይጋክስ በ2008 እስኪሞት ድረስ በኢንተርኔት የአድናቂዎቹን ጥያቄ ሲመልስ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1974 ጀምሮ ሰው ሲጫወተው የኖረውን ነገር፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላም «እዚህ ጋ ምን ማለትህ ነበር?» ይሉታል።

ደራሲው ያን ያህል ሥልጣን ካለው፣ «ደራሲው ማነው?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይደለም ማለት ነው። ወደዚያው እየመጣሁ ነው።

*

ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ደረሰኝ። የጠያቂው ስም የለም፤ ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለበት መጠሪያ ብቻ ነው። እንዲህ ይላል፤ «ሴት አያቴ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍራ ያስተማረችኝ ጨዋታ ሳጥናችሁ ውስጥ አለ። ክዳኑ ላይ የሁለታችሁ ስም አለ። መጨረሻው ገጽ ላይ የድመታችሁ ስም አለ። ገበጣ የሚል ቃል ግን የትም የለም። ለምን?»

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ከምሽቱ ጥያቄዎች ሁሉ የተሻለው ነው። ስድብ የለበትም፤ ክስም የለበትም፤ ያየውን ቆጥሮ «ለምን» ነው ያለው። ተማሪዬ ቢሆን ሙሉ ማርክ እሰጠው ነበር።

አላሳለፍኩትም።

ምክንያት ልደርድር? በጊዜው የነበሩኝን ልንገራችሁ። እንግዶች ናቸው፤ ያለ ክፍያ ጊዜያቸውን ሰጥተው የመጡ ናቸው። ውይይቱ ሞቅ ብሏል። የእህቴ ልጅ በዚህ ምሽት ደስ ብሎታል፤ እኔ ነኝ የጋበዝኳቸው ብሎ ለጓደኞቹ ተናግሯል። እንግዳ ጠርቶ ማሳፈር በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ደግሞስ ሲተረጎም ይከርር ይሆናል፤ «ሰረቃችሁ» ያለ ይመስላቸው ይሆናል። «ቆይ» የምትለዋን ተጫንኩ። ወረፋ ላይ ቆየ። አማርኛውን ከሜሪላንዶቹ አብዛኞቹ አያነቡትም፤ እንግዶቹም አያነቡትም። ልብ በሉ፤ እኔ እዚያ ቦታ ላይ የተቀመጥኩት አማርኛውን እንዳሻግር ነው። ድልድይ ሁን የተባለ ሰው ኬላ ሆነ።

ጠያቂው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ ላከው። አሁንም «ቆይ» አልኩ። በምትኩ «የምትወዱት ምግብ ምንድነው?» የሚል ጥያቄ አሳለፍኩ። አዎ፣ አሳለፍኩ። ሊያበቃ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሦስተኛ መጣ። አሁን ጥያቄውን አልደገመውም፤ «?» ብቻ ነው የላከው።

ምስጋና ተደራረበ፤ የጭብጨባ ምልክት ገጹን ሞላው፤ ተሰናበትን። የእህቴ ልጅ ደወለና «ጋሼ፣ አሪፍ ነበር! አንድም ሰው አልተጣላም!» አለኝ። ስልኩን ስዘጋ ባለቤቴ ሳጥኑን እየከደነች ነበር።

«ያቺን የገበጣዋን ጥያቄ ምን አደረግካት?»

«ሰዓት አለቀ።»

«ሰዓቱን የያዝከው አንተ አይደለህ እንዴ?»

*

እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ የማውቀውን ማውጣት ማውረድ ጀመርኩ። የጠረጴዛ ጨዋታ ታሪክ ከሞላ ጎደል ወረፋ ላይ የቀሩ ጥያቄዎች ታሪክ ነው።

ሞኖፖሊን እንውሰድ። ሊዚ ማጊ የምትባል አሜሪካዊት በ1904 «የባለርስቱ ጨዋታ» ብላ የፈጠራ መብት አስመዘገበች። ሐሳቧ የመሬት ኪራይ ጥቂቶችን እያከበረ ብዙኃኑን እንደሚያደኸይ ማሳየት ነበር። የሄንሪ ጆርጅ ተከታይ ነበረች፤ ጆርጅ ደግሞ ግብር በመሬት ዋጋ ላይ ብቻ ይጣል የሚል ሰው ነው። «መሬት ላራሹ» ሲባል ያደገ የኔ ትውልድ ሰው ይህች ሴት ምን ለማለት እንደፈለገች ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ጨዋታው ከእጅ ወደ እጅ፣ ከከተማ ወደ ከተማ እየተቀዳ፣ ሰዎች በየሰፈራቸው ጎዳና ስም እየሰየሙት ዞረ። ከዚያ ቻርልስ ዳሮው የሚባል ሰው ከወዳጆቹ የተማረውን ለፓርከር ብራዘርስ ኩባንያ ሸጠ፤ በ1935 ሞኖፖሊ ሆኖ ወጣ። ዳሮው ባለጸጋ ሆነ፣ ፈጣሪው እሱ ነው ተባለ። ኩባንያው በዚያው ዓመት የማጊን መብት በ500 ዶላር ገዛ፤ ከሽያጩ ድርሻ አልነበራትም። በ1948 ሞተች። የጠየቀላት ሰው የተገኘው በ1970ዎቹ ነው። ራልፍ አንስፓክ የተባለ የኢኮኖሚክስ መምህር «ፀረ ሞኖፖሊ» የሚል ጨዋታ አውጥቶ ሲከሰስ፣ ራሱን ለመከላከል ሲቆፍር የማጊን ሰነድ አገኘ። ክርክሩ በ1983 ተቋጨ። ከአንድ ሴት ስም ላይ «ቆይ» የሚለው እስኪነሳ ሰባ ዓመት ያህል ፈጀ ማለት ነው። ለመሬት አከራዮች ማላገጫ የተሠራው ጨዋታም እስከዛሬ ልጆች አከራይ ለመሆን የሚሻሙበት ሆኖ ቀርቷል። የደራሲው ስም ሲጠፋ ሐሳቡም አብሮ ይጠፋል።

ቅድም ያነሳሁት ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስም በ1974 በአንድ ሳጥን ሦስት ትንንሽ መጽሐፍ ሆኖ፣ በአንድ ሺህ ቅጂ ሲወጣ የሁለት ሰዎች ስም ነበረው፤ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን። ጨዋታው አድጎ አዲስ ቅጂ ሲታተም የአርነሰን ድርሻ ጥያቄ ውስጥ ገባ። በ1979 ከሰሰ፤ በ1981 ተስማሙ። ልብ በሉ፤ እኔም ከጥቂት መስመሮች በፊት «የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ደራሲ ጌሪ ጋይጋክስ» ብዬ አለፍኩ። አርነሰንን ረሳሁት። ተመልሼ ላርመው አስቤ ተውኩት፤ ይታይ። ስም እንዲህ ነው የሚጠፋው፤ በክፋት ብቻ አይደለም፣ በልማድም ነው።

የጀርመኖቹ ነገር ደስ ይላል። በ1988 ኑረንበርግ በተካሄደው የአሻንጉሊት ትርዒት ላይ የተሰበሰቡ ጥቂት የጨዋታ ደራሲዎች፣ ከነሱም ራይንሆልድ ቪቲግና አሌክስ ራንዶልፍ ይገኙበታል፣ የቢራ ብርጭቆ የሚቀመጥባትን ክብ ካርቶን አንስተው ቃል ተፈራረሙባት። ስማችን ሳጥኑ ላይ ካልተጻፈ ከእንግዲህ ሥራችንን ለአሳታሚ አንሰጥም አሉ። በ1991 ማኅበር መሠረቱ። በ1995 ካታን የተሰኘው ጨዋታ ሲወጣ የክላውስ ቶይበር ስም ከነሳጥኑ ዓለምን ዞረ፤ ጥርስ የሚሠራ ቴክኒሺያን የነበረ ሰው ነው፤ በ2023 አረፈ። ጨዋታው ከ30 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። የኔ እንግዶች ስም ሳጥኑ ላይ የተጻፈው፣ እኔም «ደራሲ» ብዬ የጠራኋቸው ያቺ የቢራ ካርቶን ባስገኘችው መብት ነው። ታዲያ የራሳቸውን ስም ለማጻፍ ያን ያህል የታገሉ ሰዎች ወራሽ የሆኑት እነሱ፣ «የአያቴስ ስም?» ሲባሉ ይከፋሉ ብዬ የፈራሁት ምን ነክቶኝ ነው? ከማንም በላይ ጥያቄው የሚገባቸው እነሱ ነበሩ።

ተጫዋቾች የጎመዘዘ ነገር ሲናገሩ ጨዋታ ሲሻሻልም ታይቷል። ብሩኖ ካታላ የተባለው ፈረንሳዊ በ2014 ያወጣው «ፋይቭ ትራይብስ» እንደ ገበጣ ጠጠር እያንጠባጠቡ የሚጫወቱት ነው። በመጀመሪያው እትም ውስጥ ባሪያ የሚሉ ካርታዎች ነበሩ፤ ከተጫዋቾች ቅሬታ በኋላ በሌላ ተተኩ። ጨዋታው አልሞተም፤ ማንም አልተዋረደም። በጥር 2023ም የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ሌሎች ሰዎች በጨዋታው ላይ ተመሥርተው እንዲሠሩ የሚፈቅደውን የቆየ ውል ሊለውጥ ሲል አድናቂዎች ተነሡበት፤ ወሩ ሳያልቅ ሐሳቡን ትቶ ዋናዎቹን ሕጎች ማንም እንዲጠቀምባቸው ክፍት አደረገ። አድናቂ ማለት ማጨብጨብ ብቻ የሚችል ሰው አይደለም።

*

ለደራሲዎቹም ፍርድ መስጠት አለብኝ። ገበጣ የእኛ ብቻ አይደለም። ዘመዶቹ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ሞልተዋል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ላይ ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢው ብቻ ከመቶ በላይ የአጨዋወት ዓይነት መዝግበዋል። የአንድ ጨዋታ አጨዋወት በደራሲ መብት ሕግ የሚታጠር ነገርም አይደለም፤ ማንም ጠጠር አንስቶ ማንጠባጠብ ይችላል። ስለዚህ ጠያቂው ያነሳው የሕግ ጉዳይ አይደለም። ያነሳው የምስጋና ገጽ ጉዳይ ነው። ለድመት ቦታ ያለው ገጽ ለአንድ ቃል ቦታ አያጣም።

እኛስ? ይህን ስናገር ሐፍረት ይይዘኛል። ገበጣን በሳጥን አድርገን፣ ሕጉን በየአካባቢው ስሙ ጽፈን ለልጆቻችን የሸጥን ስንቶቻችን ነን? የእህቴ ልጅ የአያቱን ጨዋታ ያወቀው ከጀርመን በመጣ ሳጥን ነው። ለዚህስ ማንን «ለምን» ልንል ነው?

ሰኞ ጠዋት ጥያቄውን ወደ እንግሊዝኛ መልሼ፣ ሳላለዝበው፣ ድመቷንም ሳላስቀር፣ ለሁለቱ ደራሲዎች በደብዳቤ ላክሁት። ቅዳሜ ሳላሳልፈው የቀረሁት እኔ መሆኔንም ጻፍኩ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ጀርመናዊው መለሰ። ጨዋታውን መጀመሪያ ያየው በልጅነቱ በአንድ ሙዚየም መስታወት ውስጥ እንደነበር፣ ከየት እንደመጣ የሚናገር ጽሑፍ ማንበቡን እንደማያስታውስ፣ «የአፍሪካ ጨዋታ» ብሎ ብቻ በልቡ እንዳስቀመጠው ነገረኝ። የሚቀጥለው እትም የመታተሙ ነገር እርግጠኛ አይደለም፤ ከታተመ ግን ቃሉን ምስጋናው ውስጥ እንደሚያስገባ ተስፋ ሰጠኝ። ቀጥሎ የጻፈው ነው ያሳመመኝ። በዚያ ምሽት መልስ ለማሰብ የሚገደድበት ጥያቄ እየጠበቀ እንደነበር፣ ከተማሪው ጥያቄ በኋላ ግን ምግብ ምን እንደሚወድ መጠየቁን በትህትና ጠቀሰ።

የመልሱን ግልባጭ ለጠያቂው ለመስጠት ፈለግሁ። የእህቴን ልጅ ጠየቅሁት፤ መጠሪያውን ማንም አላወቀውም። ከዚያ ምሽት በኋላ ተመልሶ አልመጣም። ሦስት ጊዜ ላከ፣ ሦስት ጊዜ ዝም ተባለ፣ ሄደ። በሕይወቴ ስንት ተማሪ እንዲህ አድርጌ እንደሸኘሁ አላውቅም። «ጥያቄህን ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ» ብዬ ያስቀመጥኳቸው እጆች አንድ በአንድ እየታዩኝ ነው።

ይሉኝታ የክፉ ሰው ጠባይ አይደለም፤ የደግ ሰው ነው። ግን መድረክ ላይ ሲቀመጥ ሥራው ከሳንሱር አይለይም። ልዩነቱ ሳንሱሩ ደመወዝ ይከፈለው ነበር፤ ይሉኝታ በነፃ ነው የሚሠራው። እንግዳን ማክበር ማለት ጥያቄ መከልከል አይደለም፤ ይመልሰዋል ብሎ ማመን ነው።

የእህቴ ልጅ በቅርቡ ሌላ ደራሲ እንደሚጋብዙ ነግሮኝ አወያይ ሁን ብሎኛል። እሺ ብያለሁ፤ በአንድ ሁኔታ። ባለቤቴ ከጎኔ ትቀመጣለች፤ «ቆይ» የምትለዋን የምትጫናት እሷ ናት። እሷ ደግሞ ጠጠር መቁጠር ታውቃለች።

ያ ልጅ፣ ወይም ያቺ ልጅ፣ ይህን የምታነቡ ከሆነ መልሳችሁ እኔ ዘንድ ነው።

ቸር ያሰንብተን።